የዕለት ሳህንና ማንኪያ ለሁለት ሰው ቤት፦ በካርቶን ወይስ በፍሬ?

ሙሽሪት_ሰሚት

ጤና ይስጥልኝ። እኔና ባለቤቴ ባለ አንድ መኝታ ኮንዶሚኒየም ገብተናል። ለሠርግ የተሰጠን ዕቃ ቡፌ ላይ ተደርድሯል፣ እሱን አንነካም። የምፈልገው በየቀኑ የሚበላበት ነው። ሱቆቹ የሚያወጡልን ባለ 24 እና ባለ 48 ፍሬ ካርቶን ነው፣ ግማሹን የምንጠቀምበት አልመሰለኝም። ማታ ማታ እንጀራ ነው፤ ፓስታና ሩዝ በሳምንት ሁለት ሦስቴ፤ ጠዋት ፍርፍር ወይ ቅንጬ። ማይክሮዌቭ አለን፣ ውሃ ግን በፈረቃ ነው። ሜላሚን (ጠንካራው ፕላስቲክ)፣ ነጩ ኦፓል (ወተት መሳዩ ብርጭቆ) ወይስ ፖርሰሊን? ማንኪያና ሹካስ የማይዝገውን በምን ልለየው?

ጓዳ_አዋቂ

እንኳን ደስ አላችሁ። ማታ ማታ እንጀራ ከሆነ ከሳህኑ በፊት ትሪ ግዙ። ለሁለት ሰው 40 ሳንቲሜትር ይበቃል፤ እንጀራው ጠርዙ ታጥፎ ይዘረጋበታል። ከዚያ የሚሰፋው እንግዳ ሲመጣ ያምራል እንጂ የኮንዶሚኒየም ዕቃ ማጠቢያ ገንዳ ውስጥ አይገባም። ሳትገዙ የገንዳውን ስፋት ለኩ። ጠርዙ ሁለት ሳንቲሜትር ያህል ከፍ ይበል፤ መሐሉ ወደ ላይ ያበጠ ትሪ ወጡን ሁሉ ወደ ዳር ስለሚሰደው ጠፍጣፋ ቦታ ላይ አስቀምጣችሁ ጫን በሉት፣ ከተወዛወዘ ተዉት። አሉሚኒየም አትውሰዱ፤ የእንጀራው ኮምጣጣነት ይበላዋል፣ መጀመሪያ ይደበዝዛል፣ ቆይቶ ይቦረቦራል። የማይዝግ ብረት ወይም ኢናሜል ይሁን። ኢናሜሉ ጠርዙ ላይ ከተላጠ ግን ከሥር ያለው ብረት መዛግ ይጀምራል፣ ያኔ ለምግብ አይሆንም።

የፍሬውን ቁጥር የሚወስነው እንግዳ ብቻ አይደለም፣ የውሃው ፈረቃም ነው። ውሃ ሁለት ቀን ከጠፋ አራት ሳህን አይበቃችሁም። 6 ዝርግ ሳህንና 6 ሰፋ ያለ ጎድጓዳ ሳህን ጥሩ ነው። ጎድጓዳው 20 ሳንቲሜትር ገደማ ስፋት ካለው ለፓስታም፣ ለፍርፍርም፣ ለቅንጬም፣ ለሾርባም ይሆናል፤ እውነቱን ለመናገር ከዝርጉ ይበልጥ የምታነሱት እሱን ነው። በካርቶኑ ውስጥ ያሉት ትንንሽ የኬክ ሳህኖችና ከሥራቸው ማስቀመጫ ያላቸው ኩባያዎች ናቸው ሥራ ፈት የሚሆኑት። ስለዚህ በፍሬ፣ ያለ አበባና ያለ ወርቅ ቅብ፣ ድፍን ነጭ። ከሦስት ዓመት በኋላ አንዱ ቢሰበር ነጭ ለነጭ ይተካል፤ አበባው ግን ያኔ ከገበያ ይጠፋል። ወርቅ ቅቡ ደግሞ ማይክሮዌቭ ውስጥ ብልጭታ ይፈጥራል።

ሸክላና_ብርጭቆ

ስለ ዓይነቱ ልጨምር። ሜላሚን ባይሰበርም ለናንተ አይሆንም። ማይክሮዌቭ ውስጥ አይገባም፤ ከ70 ዲግሪ በላይ የሞቀና ኮምጠጥ ያለ ምግብ ሲያገኘው ደግሞ ከራሱ ኬሚካል ወደ ምግቡ ይለቃል። ፈልቶ የወረደ ሽሮ ከዚህ ይሞቃል። በዚያ ላይ ከተጫጫረ በኋላ የእርድ ቢጫና የበርበሬ ቀይ ጭረቱ ውስጥ ይገባና አይለቅም። ለደረቅ ነገር፣ ለዳቦና ለቆሎ ይሁን።

ኦፓል ቀላል ነው፣ አንዱ ዝርግ ሳህን ግማሽ ኪሎ አይሞላም፣ ቀለም አይዝም፣ ማይክሮዌቭ ይችላል። ጉዳቱ አሰባበሩ ላይ ነው፤ ጠርዙ ከቧንቧው ጋር ከተጋጨ ወደ ጥቃቅን ስለት ይበተናል። ጥንካሬውን የሚያገኘው ሲሠራ ገጹ በሙቀት ስለሚጠነክር ስለሆነ በሽቦ መፈግፈግ ያዳክመዋል፤ ተጭሮ የቆየ ሳህን አንድ ቀን ሳይታሰብ ሊፈነዳ ይችላል። ከፍሪጅ ያወጣችሁትንም ወዲያው ፈልቶ የወረደ ወጥ አታፍሱበት።

እኔ የምመርጠው ወፍራም ፖርሰሊን ነው። 26 ሳንቲሜትሩ ከ600 እስከ 700 ግራም ስለሚመዝን በአንድ እጅ ስድስቱን ማንሳት ያደክማል፣ ግን ዕድሜው ረጅም ነው። ሱቅ ውስጥ በጣት ጫፍ ይዛችሁ በጥፍር ነካ አድርጉት፤ ጥርት ያለ ድምፅ ከሰጠ ደህና ነው፣ ከደነቆረ የማይታይ ስንጥቅ አለው። ገልብጣችሁ የታችኛውን ቀለበት በእጃችሁ ዳስሱ። ያ ቀለበት ቅብ የለውም፤ ሻካራ ከሆነ ሲደራረብ የታችኛውን ሳህን ገጽ ይቧጥጣል። ፊቱ ላይ ሹካ የተወው ግራጫ መስመር ግን ጭረት አይደለም፣ የብረት ቅሪት ነው፤ ቤኪንግ ሶዳ በትንሽ ውሃ ለውሳችሁ በጨርቅ ብታሹት ይለቃል።

ብረት_ሠሪ

ማንኪያና ሹካ ላይ በገበያ የሚነገረው «ማግኔት ካልያዘው ኦሪጅናል ነው» ግማሽ እውነት ነው። 18/10 የተባለው 18 በመቶ ክሮሚየምና 10 በመቶ ገደማ ኒኬል አለው፣ ማግኔት አይይዘውም ወይም ትንሽ ብቻ ይስበዋል። 18/0 ኒኬል ስለሌለው ይያዛል፤ መጥፎ አይደለም፣ ቶሎ ካደረቃችሁት ዓመታት ይቆያል። አደጋው 201 የሚባለው ላይ ነው፤ ኒኬሉ ተቀንሶ ማንጋኒዝ ስለተጨመረበት ማግኔት አይይዘውም፣ ነገር ግን ከ18/10 ቀድሞ ይዝጋል። ማግኔቱ ሁለቱን አይለይላችሁም። ስለዚህ ጀርባው ላይ የተመታውን ቁጥር ፈልጉ። ቢላ ደግሞ ጥሩውም መጥፎውም ይያዛል፣ ስለት እንዲይዝ ከሌላ ዓይነት ብረት ስለሚሠራ።

ከዚያ ክብደት። ደህና የገበታ ሹካ 50 ግራም አካባቢ ይሆናል፤ 25 ግራሙ አንገቱን በአውራ ጣት ስትጫኑት ይጎብጣል። በጥርሶቹ መሐል ጥፍራችሁን አሳልፉ፤ ከያዘ አልተሞረደም ማለት ነው፣ ከንፈር ይቧጥጣል። እጀታው በማጣበቂያ የተገጠመ ቢላ ሙቅ ውሃ ውስጥ ሲዘፈዘፍ ይላቀቃል፣ ከእጀታው ጋር አንድ ወጥ ብረት የሆነውን ውሰዱ። በካርቶን 6 ቢላ ይሰጧችኋል፤ ለናንተ 2 ይበቃል፣ ሹካና ማንኪያ ከ8 እስከ 10፣ የሻይ ማንኪያ 8፣ እሱ ነው ሁልጊዜ የሚጠፋው።

ሙሽሪት_ሰሚት

እግዜር ይስጥልን። ሁለት ነገር ልጨምር፦ ውሃ ሲጠፋ ያደረ ዕቃ በበረኪና ብዘፈዝፈው ምን ይላል? ደግሞ ባለቤቴ የጾምና የፍስኩ ለየብቻ ይሁን ይላል፤ ሳህኑንም እጥፍ ልግዛ?

ብረት_ሠሪ

በረኪና ለብረቱ አይሆንም። ክሎሪኑ የማይዝገውንም ቢሆን ነጥብ ነጥብ አድርጎ ይበሳዋል፤ ጨው ያለው ወጥ ደርቆበት ማደሩም እንደዚያው። ውሃ ከሌለ ማንኪያውን በወረቀት ጠርጋችሁ ደረቅ አድርጋችሁ አስቀምጡት። በብረት ሽቦም አትፈግፍጉት፤ የሽቦው ብናኝ ላዩ ላይ ይቀርና እሱ ሲዝግ ማንኪያው የዛገ ይመስላል።

ሸክላና_ብርጭቆ

እጥፍ መግዛቱ የቤታችሁ ልማድ ነው፣ በዕቃው በኩል ግን ፖርሰሊንና ብርጭቆ ቅቤ አይመጥጡም፣ በሙቅ ውሃና ሳሙና ንጹሕ ይሆናሉ። ቅቤ መጥጦ የሚያስቀረው የሸክላ ድስት፣ የእንጨት ማማሰያና የመክተፊያ ጣውላ ነው። ገንዘቡን እነሱን ለየብቻ ለማድረግ አውሉት።