«በቆመህ ጠብቀኝ ሲያድን የኖረ ሰው» ምስጋና ነው ወይስ ስድብ?

የልጅ ልጅ፦
ጤና ይስጥልን። ባለፈው እሑድ የአያቴ ሙት ዓመት ነበር። አራት ኪሎ፣ ግቢያችን ውስጥ በተተከለው ድንኳን ጸበል ጻዲቁ ከተቀመሰ በኋላ፣ የአያቴ ባልንጀራ የነበሩ አንድ ሽማግሌ ወደ እኔ ዞረው «አያትሽ እኮ ዕድሜ ልኩን በቆመህ ጠብቀኝ ሲያድን የኖረ ሰው ነው» አሉኝ። አጠገባቸው የተቀመጡት አዛውንቶች በሙሉ ሳቁ። እናቴ ግን የነጠላዋን ጫፍ ወደ ዓይኗ ወሰደች፤ ማታ ብጠይቃትም «ተዪው» ከማለት በቀር አንድ ቃል አልጨመረችም። አያቴ በሥራቸው ድሬሰር፣ ማለትም ቁስል የሚያጥቡና መርፌ የሚወጉ የጤና ረዳት፣ ነበሩ፤ የድሮ ጠመንጃ እንደነበራቸውና ለአደን ይወጡ እንደነበርም አውቃለሁ። ያልገባኝ ሽማግሌው አመስግነዋቸው ይሁን ተሳልቀውባቸው ነው።

ባለ ዝናር፦
እኅቴ፣ ነፍሳቸውን ይማር። ቆመህ ጠብቀኝ የባለ ጠመንጃዎች የቆየ ቀልድ ነው። በአፈሙዙ የሚጎርሰውን ጠመንጃ አስቢው። ባሩዱ ይሰፈራል፣ ይፈስሳል፤ ጨርቅ ይወተፋል፤ አረሩ ገብቶ በዘንግ ይጠቀጠቃል፤ ከዚያ ደግሞ እሳቱ ይሰናዳል። ይህ ሁሉ እስኪሆን ድኩላው ወንዙን ተሻግሯል። ስለዚህ ጠመንጃው አውሬውን «እባክህ ቆመህ ጠብቀኝ» ይለዋል። በኋላ ስሙ አንድ ጥይት ብቻ ለሚጎርስ አሮጌ ጠመንጃ ሁሉ ተረፈ። የአባቴን ውጅግራ ጎረቤቱ ሁሉ የሚጠራው በዚሁ ስም ነበር።

ሰባራ ባቡር፦
ውጅግራ ራሱ የአደን ስም አይደለምን? ጅግራ አለችበት። የጅግራ መምቻ ማለት ይመስለኛል። ጋሻ ጃግሬ የሚለውም ከዚሁ ሥር ሳይመዘዝ አይቀርም። ጠመንጃንም ቢሆን በአሮጌ ጽሑፍ ጠብመንጃ ተብሎ አይቼዋለሁ፤ ጠብ መንጃ፣ ጠብን የሚነዳ ማለት ነው።

ባለ ዝናር፦
ወንድሜ፣ በጅግራዋ አትታለል። ውጅግራ የፈረንሳዩ ፉዚ ግራ ነው፤ ፉዚ ጠመንጃ፣ ግራ ደግሞ የሠሪው መኮንን ስም። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1874 የወጣ፣ 11 ሚሊ ሜትር፣ አንድ ጥይት የሚጎርስ። ሰናድር ከእንግሊዙ ስናይደር፣ አልቤን ከአልቢኒ እንደመጡ ሁሉ ይህም በአፋችን ተሞርዶ የእኛ ሆነ። ጅግራ በ11 ሚሊ ሜትር ጥይት ብትመታ የሚተርፈው ላባዋ ነው። ጠብ መንጃ ያልከው ደስ ይላል፤ ነገር ግን ቱርኮች ሽጉጥን ታባንጃ ይሉታል፤ ጠቡን የጨመርንበት እኛ ነን።

የቅኔ ቤት ልጅ፦
ሁላችሁም ዋናውን ነገር ዘላችሁት ሄዳችሁ። ጠብቀኝ ባዩ ማን ነው? ተባዩስ? አማርኛ፣ ግዕዝ ለሁለት ከፍሎ የሚናገረውን በአንድ ቃል ይናገራል፤ ቆይቶ የሚጠብቀው ጸንሐም ጠበቀ ነው፣ ዘብ ሆኖ የሚጠብቀው ዐቀበም ጠበቀ ነው። ጽንሐኒ ካልነው ተባዩ አውሬው ነው። ዕቀበኒ ካልነው ግን ተባዩ ጋሻ ጃግሬው ነው፤ ባለ ጠመንጃው አጎንብሶ ባሩድ ሲሰፍር ጦር ይዞ ከፊቱ የሚቆምለት ሰው። «እስካጎርስ ቆመህ ጠብቀኝ» ማለቱ ነው። ዘብ ይቆማል እንጂ አይቀመጥም፤ ቆመህ የሚለው ቃል የሚመሰክረውም ለዚህ ነው። እኔ ዕቀበኒን ይዣለሁ።

መሪጌታ፦
ልጄ፣ ጥሩ ጀምረህ ነበር፤ መጨረሻው ላይ ሳትክ። በመዝሙር 39 «ጸኒሐ ጸናሕክዎ ለእግዚአብሔር» የሚለውን አማርኛው «ቆይቼ እግዚአብሔርን ደጅ ጠናሁት» ብሎታል። ጸንሐ በደጅ ጠና ውስጥ እስከ ዛሬ አለ፤ ባለጉዳይ ሁሉ ያውቀዋል። በሌላው ስፍራ ጠበቀ ወርሶታል። የጠመንጃውን ስም ወደ ግዕዝ ብትመልሰው ቀዊመከ ጽንሐኒ ይሆናል። አውሬን ቁም ብሎ መለመን ያስቃል፤ ጋሻ ጃግሬን ማዘዝ ምኑ ያስቃል? ሳቅ የሌለበት ነገር ደግሞ ለቅጽል ስም አይበቃም። እኔ ይህን ቃል የሰማሁት አንተ ሳትወለድ ነው።

የቅኔ ቤት ልጅ፦
ይፍቱኝ መሪጌታ፤ በዕድሜ የሚረታ ከሆነ ማቱሳላን እንጥራ። ቃል መጀመሪያ ሥራ ላይ ይውላል፣ ቀልድ የሚሆነው በኋላ ነው። በውጊያ መካከል ጓደኛውን «ጠብቀኝ» ያለ ሰው ለሳቅ አላለውም። ሳቁ የመጣው ፈጣን ጠመንጃ ከመጣ በኋላ ነው።

አፍንጮ በር፦
ሦስተኛ መንገድ ልጠቁም። ጠበቀ የላላ ተቃራኒም ነው። ባሩዱ ካልጠበቀ አይተኮስም፤ እንግዲህ «ቆመህ ጠብቀኝ» የተባለው ባሩዱ ቢሆንስ?

መሪጌታ፦
እንደዚያ ቢሆን «ጥበቅልኝ» ይባል ነበር። ይህ አይሆንም፤ እንለፈው።

ባለ ዝናር፦
መሪጌታና የቅኔ ቤት ልጅ፣ እናንተ ስትከራከሩ አንድ ነገር ትዝ አለኝና እጄ ተንቀጠቀጠ። የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ነበርኩ። ቆላ ከሰም አካባቢ ከርከሮ የአጎቴን ማሽላ እየገባ አስቸገረ። አባቴ ከአዲስ አበባ ውጅግራውን ይዞ ወረደ፤ እኔም ተከተልሁ። ጎሕ ሲቀድ ከርከሮው ከማሽላው ወጣ። አባቴ ተኮሰና ሳተ። ጠመንጃውን ሲከፍተው ቀለሁ አልወጣም አለ። ጥይቶቹ ከአያቴ የተረፉ ነበሩ፤ ናሱ አረንጓዴ ዝገት ይዞ ከውስጥ ተጣብቋል። አባቴ ተንበርክኮ፣ ዳቦ በምንቆርስበት ቢላዋ የቀለሁን ከንፈር ይፈለቅቅ ጀመር። ቢላዋው ይንሸራተታል፣ አውራ ጣቱ ደምቷል፣ ደሙ ናሱ ላይ ይንጠባጠባል። ከርከሮውስ? አልሸሸም። ሃያ እርምጃ ያህል ርቆ፣ ጅራቱን አቁሞ ያየናል። በእውነት ቆሞ ጠበቀን። በዚያ መካከል አባቴ ቀና ሳይል «ቆመህ ጠብቀኝ» አለ። እኔ በእጄ የያዝሁት የበቅሎ መንጃ ዱላ ነበር።

ከዚያ ከርከሮው መጣ። እኔ ዱላውን ጣልሁ። አባቴን ጎሽሞ ጥሎት፣ በቅሎዋን አስደንብሮ አለፈ፤ በቅሎዋም ገመዷን በጥሳ በረረች። አባቴ ከጭኑ መላላጥ በቀር ደኅና ነበር። በቅሎዋ ግን ባዶ ኮርቻዋን ይዛ ከእኛ ቀድማ አጎቴ ቤት ስለደረሰች፣ እኛ እያነከስን ስንመጣ ሴቶቹ ደረታቸውን እየደቁ ነበር።

አምሳ ዓመት ሙሉ ይህን ታሪክ ስናገር ሰው የሚስቀው ለበቅሎዋ ነው። እኔም ስቄአለሁ። ዛሬ ግን እናንተ ጸንሐና ዐቀበ ስትሉ የጠየቅሁት ራሴን ነው። አባቴ ያን ቃል ለከርከሮው ነበር ያለው ወይስ ለእኔ? ለእኔ ከሆነ ዱላውን መጣል አልነበረብኝም።

የቅኔ ቤት ልጅ፦
ወንድሜ፣ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ከከርከሮ ፊት ዘብ አይቆምም። ይህን በልብህ አታኑር።

መሪጌታ፦
እኔም እንዲሁ እላለሁ። ተንበርክኮ፣ ጣቱ እየደማ የሚናገር ሰው ጠመንጃውን ቢያናግር ነው። ስሙን ጠርቶ ወቀሰው።

ሰባራ ባቡር፦
መሪጌታ፣ አሁን አራተኛ ተባይ ጨመሩ!

ጡረተኛዋ ነርስ፦
የጠየቀችውን ልጅ ሁሉም ረሳት። ጠብቀኝ ላይ ይህን ያህል ስትቆዩ ሲያድን የሚለውን ማን አየው? አደነም ያድናል ነው፣ አዳነም ያድናል ነው። አያቷ ድሬሰር ነበሩ ተብሏል እኮ።

መሪጌታ፦
እትዬ፣ ይባርክዎ። ይህ ከእኔ ማምለጥ አልነበረበትም። ዳነ የግዕዙ ድኅነ ነው፤ ኀ ወድቃ ድምፅዋን ለዳ ትታለት ሄደች። መድኃኒትና መድኃኔ ዓለም ላይ እስከ ዛሬ ትታያለች። ናምሩድ «ኃያል አዳኝ» ሲባልና ጌታ አዳኝ ሲባል በአማርኛ ፊደሉ አንድ ነው። በአነጋገር ግን ይለያል፤ አውሬ የሚያድነው ድ ይጠብቃል፣ ነፍስ የሚያድነው ይላላል።

አፍንጮ በር፦
እኛ አገር ሁለቱንም አላልተን ነው የምንናገረው።

ጡረተኛዋ ነርስ፦
ጠብቆም ይነበብ ላልቶ፣ እኔ የማውቀውን ልናገር። በወጣትነቴ ከድሬሰሮች ጋር ሠርቻለሁ። የመስታወት ስሪንጅ ነበር። ቁጥሩ ጥቂት፣ በሽተኛው ብዙ። አንዱን ከወጋን በኋላ ስሪንጁና መርፌው በብረት ሣጥን ሆነው ላምባ ምድጃ ላይ ይቀቀላሉ፤ እስኪፈላ፣ ከፈላም በኋላ እስኪበቃው፣ እስኪበርድም ሰው በሰልፍ ቆሞ ይጠብቃል። እናት ልጇን አዝላ ትቆማለች። ድሬሰሩ በመስኮት ብቅ እያለ «ቆማችሁ ጠብቁኝ» ይላል። ሥራው ከአሮጌ ጠመንጃ በምን ይለያል? አንድ ትተኩሳለህ፣ እንደገና ታጎርሳለህ። የአያትሽ ባልንጀሮች ጠመንጃውንም መርፌውንም የሚያውቁ ከሆነ የሳቁበት ይህ ይመስለኛል። እናትሽም ያለቀሰችበት።

የልጅ ልጅ፦
እትዬ፣ ይህን ሳነብ ተነሥቼ ቁም ሣጥኑን ከፈትሁ። የአያቴ የብረት ሣጥን አለ፤ ክዳኑ በጥላሸት ጠቁሯል። እስከ ዛሬ የጥይት ማስቀመጫ ይመስለኝ ነበር። ሽማግሌው ድን አጥብቀው ይሁን አላልተው ግን አላስተዋልሁም፤ ድንኳኑ ጫጫታ ነበር። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ባዕታ አገኛቸዋለሁ፤ ደግመው እንዲሉልኝ እጠይቃቸዋለሁ።

የቅኔ ቤት ልጅ፦
ስትጠይቂያቸው ጠብቀኝ ያሉት በጽንሐኒ ይሁን በዕቀበኒ አብረሽ ጠይቂልን።

መሪጌታ፦
ጽንሐኒ ነው። መጠየቅ አያስፈልጋትም።

የቅኔ ቤት ልጅ፦
መሪጌታ፣ ይፍቱኝና፣ በሽተኛውን ያዳነ ሰው ጠበቀው አይባልም? ዐቀበ ማለት ሌላ ምንድን ነው?

ባለ ዝናር፦
እኅቴ፣ ከእኔ በኩል ደግሞ አንድ ነገር ጠይቂልኝ። አያትሽ ጠመንጃ ሲያጎርሱ አጠገባቸው ልጅ ይቆም እንደነበር።