አስቸኳይ! የጎስፐር ጋኔ 200 ትውልድ አልፎ ይፈርስብኛል

ደንገል፦
ወገን ድረሱልኝ። ነገ ጠዋት 3 ሰዓት እዚሁ ባህር ዳር ለአንድ ትምህርት ቤት የሒሳብ ክበብ ጌም ኦፍ ላይፍን ላሳይ ነው፤ በሰንጠረዥ ላይ ያሉ ሴሎች (ካሬዎች) በየእርምጃው፣ ማለትም በየትውልዱ፣ በሕግ የሚወለዱበትና የሚሞቱበት የኮምፒውተር ጨዋታ ነው። በፓይተን ራሴ የጻፍኩት ነው። ጎስፐር ጋን የሚባለው ቅርጽ (ጋን በእንግሊዝኛ ጠመንጃ ነው) መጀመሪያ ላይ ያምራል፣ በየ30 ትውልዱ አንድ ግላይደር፣ ማለትም በሰያፍ የሚሄድ ትንሽ ቅርጽ፣ ይተፋል። 200 ትውልድ ትንሽ አልፎ ግን ብትንትኑ ይወጣል። አምስቴ ሞከርኩ፣ ሁሌም እዚያው ላይ ነው። ኮዱን ደጋግሜ አየሁት፣ ስህተት የለውም። መብራት ሄዷል፣ ላፕቶፑ 40 ፐርሰንት ላይ ነው። ምን ላድርግ?

ዓባይ ማዶ፦
ጋን ሲባል የጠላ ጋን መስሎኝ ሮጬ መጣሁ 😂 ወንድሜ ይሄ የታወቀ ነው። አዲሱን ትውልድ አሮጌው ሰንጠረዥ ላይ እየጻፍክ ነው። ሁለት ሰንጠረዥ ያዝ። አንዱን እያነበብክ ሌላው ላይ ጻፍ።

የሰፈሩ መምህር፦
ልጄ፣ ከመቸኮልህ በፊት የያዝከውን እወቀው። ጨዋታው የእንግሊዛዊው የሒሳብ ሊቅ የጆን ኮንዌይ ነው። በ1970 እ.ኤ.አ. ማርቲን ጋርድነር በሳይንቲፊክ አሜሪካን መጽሔት አስተዋወቀው። ሕጉ አጭር ነው። የአንድ ሴል ጎረቤት በዙሪያው ያሉት 8 ሴሎች ናቸው። የሞተ ሴል ልክ 3 ሕያው ጎረቤት ካለው ይወለዳል። ሕያው ሴል 2 ወይም 3 ካለው ይኖራል፣ አለዚያ ይሞታል። ኮንዌይ ያለ ገደብ የሚያድግ ቅርጽ የለም ብሎ ገምቶ ነበር። እስከ ዓመቱ መጨረሻ ይህን ላረጋገጠ ወይም ላፈረሰ 50 ዶላር እሰጣለሁ አለ። ኖቬምበር ላይ ቢል ጎስፐርና በአሜሪካው ኤምአይቲ ዩኒቨርሲቲ ያሉ ጓደኞቹ ግላይደር መትፋት በማያቆመው በዚሁ ባንተ ጋን ግምቱን አፈረሱት። ለልጆቹ መጀመሪያ ይህን ንገራቸው። ዓይናቸው ሲበራ ታያለህ።

ደንገል፦
እግዜር ይስጥልኝ መምህር፣ እነግራቸዋለሁ። ግን ጋኑ እየፈረሰ ምን አሳያለሁ?

ግሽ ዓባይ፦
ሁለት ሰንጠረዥ ተጠቀም ተብለሃል እኮ። ደግሞ በእኩል ይሆናል ምልክት (=) ብቻ ኮፒ አይሆንም። ሁለቱም ስም የሚጠራው ያንኑ አንዱን ሰንጠረዥ ነው።

ቤዛዊት፦
ምክሩ ለጀማሪ ጥሩ ነው፣ ለዚህ ግን አይሆንም። ችግሩ እሱ ቢሆን ኖሮ ጋኑ አንድ ግላይደር እንኳ ሳይተፋ ገና ከመጀመሪያው ይበላሽ ነበር። 200 ትውልድ በትክክል ከሄደ ሕጉ በትክክል ተጽፏል። እንደውም እኔ ተበላሸ በሚለው ራሱ አልስማማም። ሁሌም እዚያው ትውልድ ላይ የሚፈርስ ከሆነ የሚያፈርሰው ነገር በሰዓቱ እየደረሰ ነው ማለት ነው። ከየት እንደሚመጣ ፈልግ።

ታንኳ ቀዛፊ፦
ሰንጠረዡ ስንት በስንት ነው? ዳር ላይ ያሉትን ሴሎች ጎረቤት እንዴት ነው የምትቆጥረው?

ደንገል፦
60 በ60። ዳር ላይ ኮዱ ስህተት ይሰጠኝ ስለነበር የረድፉንና የዓምዱን ቁጥር ለ60 አካፍዬ ቀሪውን ነው የምወስደው። ይሄ ምን አገናኘው?

ታንኳ ቀዛፊ፦
አገኘነው! ጎርጎራን አልፎ የቀዘፈ ታንኳ ከባህር ዳር በኩል ብቅ ሲል አስበው። ያንተ ግላይደር እንደዚያ ነው። በታች ወጥቶ በላይ፣ በቀኝ ወጥቶ በግራ ይመለሳል። ግላይደር በ4 ትውልድ አንድ ሴል በሰያፍ ይራመዳል። 60 ሴል ዞሮ ለመመለስ 240 ትውልድ ነው። ጋኑ ራሱ 9 ሴል ቁመት ስላለው ትንሽ ቀደም ብሎ ከጀርባው ይመታዋል። የሚፈርሰው በገዛ ግላይደሩ ነው።

ዓባይ ማዶ፦
ስለዚህ 200 በ200 አድርገው በቃ።

ታንኳ ቀዛፊ፦
ያ ያዘገየዋል እንጂ አያድነውም። 800 ትውልድ አካባቢ ሲደርስ ያው ነው።

ቤዛዊት፦
ሰንጠረዡን ተወው። የሕያዋን ሴሎችን አድራሻ ብቻ በፓይተን ስብስብ (set) ያዝ፣ ዳር የሚባል ነገር አይኖርህም። ግላይደር 5 ሴል ነው። 3000 ትውልድ ብትሄድ የሚጨመርብህ 500 ሴል አካባቢ ነው፣ ላፕቶፕህን አይከብደውም። ኮድ ለመቀየር ጊዜ ከሌለህ ደግሞ ግላይደሩ መንገድ ላይ ኢተር (በላተኛ) የሚባለውን ቅርጽ አስቀምጥ። 7 ሴል ብቻ ነው። ግላይደሩን ውጦ በ4 ትውልድ ወደ ቅርጹ ይመለሳል። ጋን በጠጠር ይደገፋል ይሉ የለ? በአንድ ሴል ካሳትክ ግን ላይሠራ ይችላል፣ ዛሬ ማታ ሞክረው። ባትሪው ካለቀ ጎሊ የሚባለው ነፃ ፕሮግራም ስልክ ላይም ይሠራል። ጋኑን እዚያ ታሳያቸዋለህ።

የሰፈሩ መምህር፦
ልጄ፣ የፈረሰውንም አሳያቸው። ለምን እንደፈረሰ ራሳቸው እንዲገምቱ 5 ደቂቃ ስጣቸው።

ግሽ ዓባይ፦
ደንገል፣ ሠራልህ?

ግሽ ዓባይ፦
መልሱ እስኪመጣ እኔም ልጠይቅ። 6 ጎረቤት ያለው የሞተ ሴልም እንዲወለድ ባደርግ ምን ይመጣል?

ቤዛዊት፦
እሱ ሃይላይፍ ይባላል። ራሱን እየደጋገመ የሚያባዛ ትንሽ ቅርጽ አለው። ለብቻው ጥያቄ ክፈትለት፣ እመጣለሁ።