ፎቶ ኮፒ ማሽኑ ስካን ያደረገውን ወደ ኮምፒውተር መላክ አቆመ፤ እባካችሁ ዛሬውኑ ድረሱልኝ

የሒሳብ ሹሟ (ጥቅምት 25 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ 3፡20)

ጤና ይስጥልኝ። የምሠራው በአንድ አነስተኛ የሒሳብ አገልግሎት ቢሮ ውስጥ ነው። ከትናንት ከሰዓት በኋላ ጀምሮ ፎቶ ኮፒ ማሽናችን ስካን ያደረገውን ሰነድ ወደ ኮምፒውተሬ አልልክም ብሏል። ወረቀቱን ይስባል፣ ያነብባል፣ «በመላክ ላይ» የሚል ጽሑፍ ለአንድ ደቂቃ ያህል ካሳየ በኋላ ግንኙነቱ እንዳልተሳካ ይነግረናል። ኮፒ ማድረጉም ሆነ ከኮምፒውተር የተላከለትን ማተሙ ምንም አልተጓደለም። እኛም ምንም የነካነው ነገር የለም። የደረጃ ሀ ግብር ከፋዮች ማስታወቂያ ጥቅምት 30 ቀን ይዘጋል፤ የአራት ደንበኞች ደረሰኝ በካርቶን ሆኖ አጠገቤ ተቆልሏል። የጥገና ባለሙያው ከሰኞ በፊት እንደማይመቸው ነግሮናል፤ ሰኞ ማለት ደግሞ ኅዳር 1 ቀን ነው። የምታውቁት መላ ካለ በፍጥነት ጻፉልኝ።

ደረሰኝ ቆራጭ (3፡26)

ማሽኑንም፣ ኮምፒውተሩንም፣ ራውተሩንም አጥፍተው፣ አምስት ደቂቃ ቆይተው ያብሯቸው። የእኛ ቢሮ ማሽን ሁልጊዜ የሚድነው በዚሁ ነው።

ቶነር (3፡41)

እህቴ፣ የማሽኑን ሞዴል፣ የኮምፒውተሩን የዊንዶውስ ዓይነትና ማሽኑ የሚያወጣውን የስሕተት ቁጥር ሳይነግሩን መድኃኒት እዘዙልኝ ብለውናል። ቁጥሩ ትንሽ ነገር አይምሰልዎ፤ ብዙዎቹ ማሽኖች «ኮምፒውተሩን አላገኘሁትም» ለማለት አንድ ቁጥር፣ «አግኝቼው ነበር፣ ግን ስምና ፓስዎርዱን አልተቀበለኝም» ለማለት ደግሞ ሌላ ቁጥር አላቸው። ማተሙ ስለሚሠራ ገመዱ ደህና ነው ብለን መነሣት እንችላለን። ነገር ግን ማተም ከኮምፒውተር ወደ ማሽን የሚሄድ መንገድ ሲሆን ስካን ከማሽን ወደ ኮምፒውተር የሚመጣ ነው፤ በሁለተኛው መንገድ ላይ በረኛው የእርስዎ ኮምፒውተር ስለሆነ የሚከለክለውም እርሱ ነው።

ዘመናዊው (3፡55)

ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ጥያቄው ከመነሻው የተሳሳተ ይመስለኛል። በዚህ ዘመን ወደ ፎልደር ስካን የሚያደርግ ማን አለ? ማሽኑን ወደ ኢሜይል እንዲልክ አድርገው ያስተካክሉትና ይገላገሉ።

የሒሳብ ሹሟ (4፡10)

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። አጥፍተን አብርተናል፤ ለውጥ የለም። ኢሜይሉን በተመለከተ፣ አንዱ ካርቶን ብቻ ስካን ሲደረግ ጂሜይል ከሚፈቅደው 25 ሜጋባይት በብዙ እጥፍ ያልፋል፤ ኢንተርኔታችንም ዝናብ ባንጠባጠበ ቁጥር የሚጠፋ ነው። የስሕተት ቁጥር አላየሁም፤ የሚታየው ጽሑፍ ብቻ ነው። ማሽኑ ጀርባው ላይ 2012 የሚል የምርት ዓመት በፈረንጆች አቆጣጠር ተለጥፎበታል። ኮምፒውተሩ ዊንዶውስ 11 ፕሮ ነው። አሮጌው ዊንዶውስ 10 ድጋፉ ጥቅምት 4 ቀን ስላበቃ ሥራ አስኪያጃችን አዲስ ገዝተው ትናንት በምሳ ሰዓት ተተክሏል። ከዚህ በቀር የተለወጠ ነገር የለም።

ካልሲ ሻጩ (4፡13)

ሙሽራይቱ ከመቀየሯ በቀር ሠርጉ እንደታቀደው ነው ማለትዎ ነው።

ቶነር (4፡20)

ምስጢሩ ወጣ። «ምንም አልነካንም» የሚል ሰው ባገኘሁ ቁጥር ብር ቢከፈለኝ ኖሮ እስካሁን ይህን ሥራ ትቼ ነበር።

መምህሩ (4፡52)

ነገሩን ከሥሩ መረዳት ስለሚጠቅም ጥቂት ላብራራ። ማሽኑ ወደ ኮምፒውተር ፎልደር ፋይል ሲያስቀምጥ ከኮምፒውተሩ ጋር የሚነጋገረው ኤስኤምቢ በተባለ ቋንቋ ሲሆን፣ የሚያንኳኳውም በር ቁጥር 445 ነው። የዚህ ቋንቋ አንደኛው ትውልድ እጅግ አሮጌ ነው፤ ሁለተኛው ከዊንዶውስ ቪስታ ጋር መጣ። በግንቦት 2009 ዓ.ም. ዋናክራይ የተባለው ፋይል ቆላፊ ቫይረስ ዓለምን ያዳረሰው በአንደኛው ትውልድ ላይ በነበረ ቀዳዳ በኩል ነው፤ መድፈኛው ከሁለት ወር በፊት ወጥቶ ሳለ ያልጫኑት ብዙዎች ነበሩ። በ2010 ዓ.ም. መጀመሪያ ግድም ከወጣው የዊንዶውስ 10 እትም ጀምሮ አንደኛው ትውልድ በአዲስ ኮምፒውተር ላይ ተጭኖ አይመጣም። የእርስዎ አሮጌ ኮምፒውተር ከዚያ በፊት የተጫነና ሲታደስ የቆየ ከነበረ አሮጌውን ቋንቋ ይዞ ኖሮ ሊሆን ይችላል። በፈረንጆች 2012 የተሠሩ በርካታ ማሽኖች ደግሞ ከአንደኛው ትውልድ በቀር አያውቁም። ስለዚህ አንዱ በአንደኛው ቋንቋ ይጣራል፣ ሌላው ያንን ቋንቋ ረስቶታል፤ ጥፋተኛ የለም፣ የሚግባቡበት ነገር እንጂ የጎደለው።

ደረሰኝ ቆራጭ (5፡03)

እንግዲያውስ ቀላል ነው። በኮንትሮል ፓነል ውስጥ «ተርን ዊንዶውስ ፊቸርስ ኦን ኦር ኦፍ» ወደሚለው ገብተው ኤስኤምቢ 1.0 የሚለውን ምልክት ያድርጉበትና ኮምፒውተሩን አጥፍተው ያብሩት። የእኛ ቢሮ ማሽን የዳነው በዚሁ ነው።

ገመድ ሳቢው (5፡11)

ከሁለት ሰዓት ገደማ በፊት «ሁልጊዜ የሚድነው በማጥፋትና በማብራት ነው» ብለውን ነበር። ለማንኛውም ምክርዎ ሊሠራ ይችላል፤ እኔ ግን የሰው ሒሳብ፣ የደመወዝ ዝርዝርና የግብር መለያ ቁጥር የተከማቸበትን ኮምፒውተር በር ለዚያ ቀዳዳ አልከፍትም። መምህሩ ያን ሁሉ የጻፉት ለምን ሆነና?

እህቴ፣ ወደ ማሽኑ ከመሄድዎ በፊት የታመመው ማን እንደሆነ ይለዩ። የባልደረባዎ ኮምፒውተር ላይ ተቀምጠው የፎልደር መስኮት ይክፈቱ፤ ከላይ ባለው የአድራሻ ቦታ ላይ ሁለት ወደ ግራ ያጋደሉ ሰረዞችን (\\)፣ ቀጥሎም የአዲሱን ኮምፒውተር አይፒ አድራሻ፣ ማለትም በኔትወርኩ ላይ የሚታወቅበትን ቁጥር ይጻፉ። ስምና ፓስዎርድ ከጠየቀዎ፣ ማሽኑ ላይ የተመዘገበውን ያንኑ ስምና ፓስዎርድ ያስገቡ። በዚያ ካልገባ ማሽኑ ምንም አላጠፋም፤ ችግሩ እርስዎ ጋ ነው። ከዚያ የሚከተሉትን ያረጋግጡ።

አዲስ ኮምፒውተር ከአዲስ ኔትወርክ ጋር ሲገናኝ አብዛኛውን ጊዜ ኔትወርኩን «ፐብሊክ» ብሎ ስለሚመዘግብ የኮምፒውተሩ ዘበኛ የሆነው ፋየርዎል ከውጭ የሚመጣውን ሁሉ ዝም ይለዋል፤ በሴቲንግስ ውስጥ ወደ «ፕራይቬት» ይለውጡትና የፋይልና የፕሪንተር መጋራትን ያብሩ። ማሽኑ አንድ ደቂቃ ሙሉ መጠበቁ እኔን ወደዚህ ነው የሚያመለክተኝ፤ ማንም መልስ ያልሰጠው ሰው እንዲያ ነው የሚቆመው።

ቀጥሎ ፓስዎርዱ። አዲሱን ኮምፒውተር በአራት አኃዝ ፒን የሚከፍቱ ከሆነ ያ ፒን ለዚያ ኮምፒውተር ብቻ የሚሠራ ስለሆነ በኔትወርክ ለሚመጣ እንግዳ ምንም አይከፍትም። ፓስዎርድ የሌለው ዩዘር ከሆነም ዊንዶውስ ከኔትወርክ በኩል አያስገባውም። የእኔ ልማድ ለማሽኑ ብቻ የሚሆን፣ ስሙ በላቲን ፊደል የተጻፈ፣ ጠንካራ ፓስዎርድ ያለው አንድ ተራ ዩዘር እዚያው ኮምፒውተር ላይ መፍጠር ነው፤ ከዚያም ፎልደሩን ለእርሱ ሼር ማድረግና በሴኩሪቲ በኩልም የመጻፍ ፈቃድ መስጠት ነው። ሁለቱ ፈቃዶች የተለያዩ ስለሆኑ አንዱን ብቻ የሰጠ ሰው ቀኑን ሙሉ ይደክማል።

ዘመናዊው (5፡30)

ይህ ሁሉ ልፋት ኢሜይል ላይ የለም። ጂሜይል ላይ የሁለት ደረጃ ማረጋገጫ አብርተው ለማሽኑ የተለየ የአፕ ፓስዎርድ ማውጣት ብቻ ነው፤ የተለመደው ፓስዎርድ በፈረንጆች ከ2022 ጀምሮ አይሠራም።

ገመድ ሳቢው (5፡34)

እህታችን 25 ሜጋባይትና ዝናብ ብለው መልሰውልዎታል። ደግሞ ያ ማሽን የዛሬውን የኢሜይል ምስጠራ ማወቁንም እጠራጠራለሁ።

ካልሲ ሻጩ (5፡40)

በፍላሽ ያውጡት። ቫይረሱ በነፃ ይመረቅልዎታል።

የመዝገብ ቤቷ (6፡05)

እኔ የኮምፒውተር ባለሙያ አይደለሁም፤ ነገር ግን አንድ ነገር ልጠይቅዎት። አሮጌው ኮምፒውተር የት ነው ያለው? ድጋፉ አበቃ ማለት እኮ ጥቅምት 5 ቀን ጠዋት ሞቶ ተገኘ ማለት አይደለም። ገና ካልተሰጠ ወይም ካልተሸጠ፣ ለዚህ ሳምንት ብቻ እንደ ነበረው መልሰው ይሰኩት፤ የነበረውን አይፒ አድራሻ ይያዝ፣ ማሽኑም የለመደው ቦታ ላይ ይጣል። እርስዎ ከአዲሱ ኮምፒውተር ሆነው ከእርሱ ላይ ፋይሉን ይውሰዱ። ግብሩ ካለፈ በኋላ የቀረውን በተረጋጋ መንፈስ ያስተካክሉታል።

የሒሳብ ሹሟ (8፡15)

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አሮጌው ኮምፒውተር ትናንት ማታውኑ ለሥራ አስኪያጃችን ልጅ ተወስዷል፤ መልሱ ለማለት አልደፈርኩም።

የገመድ ሳቢውን መመሪያ ተከትዬ ኔትወርኩን ወደ ፕራይቬት ለውጫለሁ፤ ፐብሊክ ነበር። ኮምፒውተሩን የምከፍተውም በፒን ነበር። አዲስ ዩዘር ፈጠርኩ፣ ፎልደሩንም ሼር አደረግሁለት። ከባልደረባዬ ኮምፒውተር ሆኜ ስገባ ፎልደሩ ተከፈተ፣ ሙከራ ፋይልም አስቀመጥኩበት። ማሽኑ ላይ አዲሱን ስምና ፓስዎርድ ብመዘግብም ግን አሁንም አልሄደም። የተለወጠው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እንደ በፊቱ ደቂቃ ሳይጠብቅ ወዲያውኑ አልተሳካም ይላል። ፎልደሩን «የስካን ሰነዶች» ብዬዋለሁ።

ካልሲ ሻጩ (8፡19)

በአማርኛ? ማሽኑ እኮ ፊደል አልቆጠረም!

ቶነር (8፡31)

ካልሲ ሻጩ እየቀለዱ ዋናውን ነገር ነገሩን። የማሽኑ ሰሌዳ ላይ የግዕዝ ፊደል ስለሌለ የፎልደሩን ስም እርስዎ በአማርኛ ሊያስገቡለት አይችሉም፤ ከአሮጌው ኮምፒውተር የተረፈው የላቲን ስም በአድራሻ ደብተሩ ላይ እንዳለ ተቀምጦ ይሆናል። በዚያ ስም የሚጠራ ፎልደር አዲሱ ኮምፒውተር ላይ የለም። የባልደረባዎ ኮምፒውተር የተሳካለት እርስዎ ስሙን ሳይጽፉ በማውዝ ስለከፈቱት ነው። ፎልደሩን አጭር የላቲን ስም ሰጥተው እንደገና ሼር ያድርጉት፤ የፎልደሩን ስም ብቻ ቢለውጡ የሼሩ ስም አብሮት ላይለወጥ ስለሚችል አሮጌውን ሼር አጥፍተው አዲስ ይፍጠሩ። ማሽኑ ላይም ያንኑ ስም ፊደል በፊደል ይጻፉ። በአድራሻው ቦታም የኮምፒውተሩን ስም ትተው አይፒውን ያስገቡ።

ገመድ ሳቢው (8፡48)

ከዚህ በኋላም እምቢ ካለ የቀረው የቋንቋው ጉዳይ ነው። በአንድ ኮምፒውተር ብሮውዘር ላይ የማሽኑን አይፒ ጽፈው ወደ ራሱ ገጽ ይግቡና በኔትወርክ ክፍሉ ውስጥ የኤስኤምቢ ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ትውልድ ምርጫ መኖሩን ይመልከቱ፤ ጠፍቶ የተቀመጠ ሊሆን ይችላል። ለአንዳንድ ሞዴሎች አምራቾቹ በፈርምዌር (የማሽኑ የውስጥ ፕሮግራም) ማሻሻያ በኩል ጨምረውታል፤ ይህን ግን ግብሩ ሳያልፍ አይንኩት፣ መሐል ላይ መብራት ቢጠፋ ማሽኑን ሙሉ በሙሉ ያጡታል።

ሌላ አንድ ወጥመድ አለ። ዊንዶውስ 11 ፕሮ ከ24ኤች2 እትም ጀምሮ ከማንኛውም መጪ የዲጂታል ፊርማ ይጠይቃል፤ መፈረም የማያውቅ ማሽን ስሙም ፓስዎርዱም ትክክል ሆኖ ሳለ ይባረራል። በ«ሎካል ሴኩሪቲ ፖሊሲ» ውስጥ፣ በሴኩሪቲ ኦፕሽንስ ሥር፣ «ማይክሮሶፍት ኔትወርክ ሰርቨር» ብሎ የሚጀምርና በቅንፍ «ኦልዌይስ» የሚል የፊርማ መስመር አለ፤ ዲስኤብልድ ቢያደርጉት ግዴታው ይነሣል። ጥበቃን መቀነስ መሆኑን አልደብቅዎትም፤ ቢሆንም አንደኛውን ትውልድ ከመመለስ በእጅጉ ይሻላል።

ማሽኑ ከአንደኛው ትውልድ በቀር እንደማያውቅ ከተረጋገጠ ደግሞ ኤፍቲፒ የተባለውን ሌላ የፋይል መላኪያ ቋንቋ ይጠቀሙ። ፋይልዚላ ሰርቨር በነፃ የሚገኝ ነው፤ አዲሱ ኮምፒውተር ላይ ጭነው ለማሽኑ አንድ ዩዘርና አንድ ፎልደር ይስጡት፣ በር 21ን በፋየርዎሉ ላይ ለማሽኑ አይፒ ብቻ ይክፈቱለት። ኤፍቲፒ ፓስዎርድን ሳይመሰጥር ስለሚልክ ያ ፓስዎርድ ሌላ ቦታ የሚጠቀሙበት አይሁን።

ደረሰኝ ቆራጭ (9፡02)

ኤስኤምቢ 1ን ያብሩ ብያለሁ። አምስት ደቂቃ ነው የሚፈጀው።

መምህሩ (9፡20)

አንድ ማሳሰቢያ ልጨምር። አይፒ አድራሻውን ራውተሩ በራሱ የሚሰጥ ከሆነ፣ መብራት ጠፍቶ በተመለሰ ቁጥር ሊለወጥ ስለሚችል ዛሬ የተስተካከለው በሚቀጥለው መብራት መጥፋት ይበላሻል። ራውተሩ ላይ ለአዲሱ ኮምፒውተር ቋሚ አድራሻ ያስይዙለት። የማሽኑን ሰዓትና ቀንም ይመልከቱ፤ በኢትዮጵያ አቆጣጠር 2018 ተብሎ የተሞላበት ማሽን አይቻለሁ። ኮምፒውተሮቹ ሁሉ ከአንድ ማዕከል (በዶሜይን) በሚተዳደሩበት መሥሪያ ቤት ውስጥ ኬርቤሮስ የተባለው ማረጋገጫ የሚታገሠው የአምስት ደቂቃ ልዩነት ብቻ ነው፤ በእርስዎ ቢሮ እንዲህ ያለ ነገር ባይኖርም የፋይሎቹ ቀን እንዳይዛባ ይረዳዎታል።

የመዝገብ ቤቷ (ጥቅምት 28 ቀን፣ ከጠዋቱ 4፡00)

እህቴ፣ ተሳካልዎ ወይ? ቢያንስ አንድ መስመር ይጻፉልን።

ካልሲ ሻጩ (4፡07)

ካርቶን ውስጥ ናቸው።

ጎረቤት ቢሮ (ኅዳር 3 ቀን፣ ከሰዓት በኋላ 9፡15)

ጠያቂዋን አላውቃቸውም፤ ነገር ግን ተመሳሳይ ችግር ስለገጠመኝ ይህን ሁሉ አነበብኩ። የእኔ ፎልደር ስሙ በላቲን ነበር፣ ኔትወርኩም ፕራይቬት፤ ማሽኑም ከገጹ ላይ ሁለተኛውን ትውልድ ሳበራለት እንኳን እምቢ ብሎ ነበር። የፊርማውን ግዴታ ሳነሣ ግን የመጀመሪያው ገጽ ወዲያው ገባ። የቀረኝ ጥያቄ አንድ ነው፤ የሚመጡት ፋይሎች ሁሉ ተገልብጠው ነው የሚወጡት፤ ይህንስ የሚያውቅ አለ?

ደረሰኝ ቆራጭ (9፡18)

አጥፍተው ያብሩት።