ዝግ አገርና ክፍት አገር፦ ምሥራቅ ጀርመን የተማራችሁ እስኪ ንገሩኝ

ማሂ (ኑርንበርግ)

ጤና ይስጥልኝ። ጥያቄዬ በደርግ ጊዜ ምሥራቅ ጀርመን ለተማራችሁ ነው። አባቴ ድሬስደን ነው የተማረው። ልጅ ሳለሁ ስለዚያ ዘመን ስጠይቀው "ዝግ አገር ነበር" ይልና ወሬውን ይቀይራል። ከሞተ ሁለት ዓመቱ ነው። እኔ አሁን እዚህ አረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ ነው የምሠራው። ከዚያው ከድሬስደን አካባቢ የመጡ አንዲት እናት አሉ። ፀጉራቸውን ሳበጥርላቸው ሁሌ "ያኔ ይሻል ነበር" ይሉኛል። የቤት ኪራይ እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም፣ ሥራ አጥቶ የሚቀመጥ አልነበረም፣ ጎረቤት ከጎረቤት ይጠያየቅ ነበር ይላሉ። እንባቸው እየመጣ ሲነግሩኝ እንዴት አላምናቸውም? ግን የአባቴ ዝምታስ? ሁለቱንም ያየ ሰው የዕለት ተዕለት ኑሮውን ቢያጫውተኝ ደስ ይለኛል።

የጅማው

ልጄ ማሂ፣ የአባትሽን ነፍስ ይማር። እኔ ላይፕዚግ ነበርኩ፣ እ.ኤ.አ. ከ1985 እስከ 1991። መጀመሪያ ሄርደር ኢንስቲትዩት ቋንቋ ተማርን፣ ከዚያ ዩኒቨርሲቲ ገባን።

እናትየዋ አልዋሹሽም። ትንሿ የቁርስ ዳቦ 5 ፌኒግ (ሳንቲም) ነበረች። ኪራይ የሚያስጨንቀው ሰው አላየሁም። ልጅ ያላት ሴት ልጇን መዋያ አድርሳ ሥራዋ ትሄዳለች። ሙዝ ማግኘት ግን ብርቅ ነው፤ ትራባንት መኪና ለመግዛት ተመዝግቦ ከአሥር ዓመት በላይ መጠበቅ ነበረበት። ይሄ ይቻላል። እኛም ከስኳር ሰልፍ ነው የሄድነው።

የማይቻለው ሌላ ነው። ዶርም ውስጥ አብሮኝ የሚያድር ጀርመናዊ ጓደኛ ነበረኝ። ቁም ነገር ማውራት ሲፈልግ ሰው እንዳይሰማን "ወጣ እንበል" ይለኛል። በበረዶም ቢሆን እንወጣለን። ለእኔ አዲስ አልነበረም፤ የቀበሌ ስብሰባ ያሳደገው ሰው ነገሩ ወዲያው ይገባዋል። የዚህ ልጅ ታላቅ ወንድም አገር ለመልቀቅ አመልክቶ እ.ኤ.አ. በ1984 ፈቀዱለት። ምዕራብ በርሊን፣ ቬዲንግ የሚባል ሰፈር ገባ። ከዚያ በኋላ ለጉብኝት እንኳ ተመልሶ መግባት ተከለከለ። እናቱም መሄድ አትችልም። እዚያ አገር ወደ ምዕራብ እንደልብ የሚሄደው ጡረታ የወጣ ሰው ነው፤ እሷ ደግሞ ገና ሃምሳ ሁለት ዓመቷ ነበር።

እኔ የውጭ አገር ፓስፖርት ስላለኝ እ.ኤ.አ. በ1987 የገና ሰሞን ለመሻገር ፈቃድ አገኘሁ። እናትየው የሠራችውን ሰማያዊ ሹራብ ሻንጣዬ ውስጥ ከተትኩ። ምሥራቅ በርሊን፣ ፍሪድሪሽሽትራሰ ባቡር ጣቢያ አጠገብ ሰዎች የሚሰነባበቱበት አዳራሽ አለ። "የእንባ ቤተ መንግሥት" ይሉታል። እዚያ ተሰልፌ ሳለሁ አገሬው ከበሩ ሲመለስ፣ እኔ የጅማው ልጅ አለፍኩ። እስከ ዛሬ ይከነክነኛል። በዚያው ጊዜ ከገዛ አገሬ ለመውጣት የመውጫ ቪዛ ለምኜ ነበር የመጣሁት።

ወንድምየው በር ከፈተልኝና ሹራቡን አይቶ ወደ ውስጥ ገባ። ብዙ ቆየ። ሲመለስ ለብሶታል። እጅጌው አጥሮታል።

ለእናቱ ሁለት ፓኬት ቡና ሰጠኝ። ቡና እዚያ አገር ወርቅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1977 የዓለም ዋጋ ሲንር መንግሥታቸው ግማሹ ብቻ ቡና የሆነ ድብልቅ ሸጦላቸው ሕዝቡ ተቆጥቶ ነበር። በዚያው ዓመት ነው ከደርግ ጋር ቡና በመሣሪያ የተለዋወጡት። ይሄን ያወቅኩት በኋላ ነው። አባቴ የለቀመው ቡና በጠመንጃ ተለውጦ ይሆን እያልኩ ብዙ ሌሊት አስቤበታለሁ።

ስመለስ ጉምሩክ ሻንጣዬን ፈተሸ። አዲስ ጫማ ገዝቼ በምዕራብ ጋዜጣ ጠቅልዬው ነበር። ጋዜጣውን ወሰዱ፣ ጫማውን መለሱ። ላይፕዚግ ስደርስ እናትየው ቡናውን አላየችውም። ወንበር እንኳ ሳትሰጠኝ "ከስቷል ወይስ ወፍሯል?" አለችኝ። እናቴ ብትሆን የምትጠይቀኝ ይሄንኑ ነው።

ሰብለ (አዲስ አበባ)

ጋሼ፣ ሹራቡ ላይ ስደርስ እንባዬ መጣ። እኛ ቤት አባዬ የጀርመን ድምፅ ሬዲዮን አማርኛ ዝግጅት የሚሰማው ብርድ ልብስ ተከናንቦ ነበር። እኛ ልጆቹ ደጅ ሆነን መንገደኛ እንጠብቃለን። ከከተማ ለመውጣት የይለፍ ወረቀት፣ ማታ ሰዓት እላፊ። ማሂ፣ ያባትሽ ዝምታ ምናልባት ከዚያ ሳይሆን ከዚህ ይዞት የሄደው ይሆናል።

ያሬድ

እኔ ግን ክፍት አገር የሚባለው ለማን ነው እላለሁ። ያኔ መውጫ ቪዛ ነበር፣ ዛሬ መግቢያ ቪዛ ነው። እህቴ ሽቱትጋርት ስትሞሸር ለመገኘት የባንክ ወረቀቱን፣ የሥራ ደብዳቤውን ሁሉ አሟልቼ ሁለት ጊዜ ተከለከልኩ። ሠርጉን በስልክ ነው ያየሁት።

የጅማው

ያሬድ ልክ ነህ፣ አልከራከርህም። ክፍቱም ቢሆን ለሁሉም እኩል አልከፈተም። የበርሊን ግንብ ሲወድቅ የሆነውን ልንገርህ። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 9 ቀን 1989 ላይፕዚግ ወደ 70,000 ሰው ወጣ። "ሕዝቡ እኛ ነን" እያሉ ሲሄዱ ጓደኛዬ መሃላቸው ነበር። እኔ ፈርቼ ዶርም ቀረሁ። በወሩ ግንቡ ተከፈተ፣ ወንድምየው መጣ፣ እናትየው አቅፋው አልቅሳ አልጠግብ አለች። በቀጣዩ ዓመት የምትሠራበት የጥጥ ፋብሪካ ሠራተኛ ቀነሰና ከሥራ ወጣች። በዚያው ዓመት ኤበርስቫልደ ከተማ አንድ አንጎላዊ ሠራተኛ ጥቁር በመሆኑ ተደብድቦ ሞተ። እኔም ማታ ትራም መሳፈር ተውኩ። ድሮ በዝጉ ዘመን እኩለ ሌሊት ብቻዬን እሄድ ነበር። ይሄንንም ካላወራሁ ለማሂ ግማሹን ነው የነገርኳት።

ቢሆንም የትኛውን ትመርጣለህ ብትለኝ ክፍቱን ነው። ፋብሪካው ከቀነሳት በኋላ ያቺን እናት ጠይቄያት ነበር። ሥራዋን አጥታ፣ ኪራይ ጨምሮባት፣ በየሁለት ሳምንቱ በባቡር በርሊን ትሄድ ነበር። "አሁን መቼ እንደማየው እኔ ነኝ የምወስነው" አለችኝ።

ማሂ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። አባቴ ላይ የተጻፈ ነገር ይኖር ይሆን?

የጅማው

ሊኖር ይችላል። የስታዚ፣ የደኅንነታቸው መዝገብ እ.ኤ.አ. ከ1992 መጀመሪያ ጀምሮ ለባለጉዳዩ ክፍት ነው። የውጭ ዜጋም ማመልከት ይችላል። አሁን በፌዴራሉ ቤተ መዛግብት ሥር ነው፤ ድሬስደንም ቅርንጫፍ አለው። አንቺ ልጁ ስለሆንሽ የሞት ማስረጃ፣ ዝምድናሽን የሚያሳይ ወረቀትና ምክንያትሽን ይጠይቁሻል። ብዙ ወራት ይወስዳል።

የእኔን አይቼዋለሁ። ብዙ ገጽ አይደለም። ያ ሹራብ አለበት። "ሰማያዊ፣ የሱፍ፣ አንድ" ብለው ጽፈውታል። ማን እንደነገራቸው ግን ስሙ የለም፣ የምሥጢር ስም ብቻ ነው። ያን ቀን ሹራቡን ስቀበል ክፍሉ ውስጥ አራት ሰው ነበርን።

ልጄ፣ ወረቀቱ ሲመጣልሽ ብቻሽን አትክፈቺው። ምህጻረ ቃሉ ብዙ ነው። ከፈለግሽ ደውዪልኝ፣ አብረን እናነበዋለን።