አረንጓዴ ያበራል፣ በሩን ግን አይከፍትም

ጥያቄ

ሰላም ለሁላችሁም። የሞተርሆሜ (እንደ ቤት የሚኖርበት መኪናዬ) የመኖሪያ ክፍል በር ላይ ያለው በኮድ የሚከፈት ቁልፍ አስቸግሮኛል። ቁጥሮቹን ስጫን ድምፅ ይሰጣል፣ አረንጓዴው መብራት ይበራል፣ የቁልፉ ትንሽ ሞተር ‹‹ዝዝዝ›› ብሎ ያቃስትና ያቆማል። በሩን ቆልፎ የሚይዘው የብረት ምላስ ንቅንቅ አይልም። ከዚያ ቀዩ መብራት ሦስት ጊዜ ብልጭ ይልና ዝም።

ባለፈው ሳምንት ሌሊት፣ ዝናቡ እየወረደ፣ አሥራ አንድ ጊዜ ኮድ አስገብቻለሁ። ቆጥሬዋለሁ። በስተመጨረሻ በሹፌሩ በር ገብቼ፣ በሁለቱ መቀመጫዎች መካከል ሾልኬ፣ ከውስጥ በእጅ ከፈትሁት። ባለቤቴ ጃንጥላ ይዛ ውጭ ቆማ ትስቃለች። የብረት ቁልፉ የት ነበር ለምትሉኝ፦ ውስጥ፣ መሳቢያ ውስጥ፣ በጥንቃቄ ተቀምጦ።

እስካሁን የሞከርሁት ይህን ነው። አራቱን የባትሪ ድንጋዮች አውጥቼ ቻርጅ የሚደረጉ አስገባሁ። ኮዱን አጥፍቼ እንደ አዲስ መዘገብሁ። ዘይት ጠብ ጠብ አደረግሁበት። ለውጥ የለም። ሰባት ቁጥርም ሁለት ጊዜ ካልተጫኑት አይሰማም፤ እሱ ግን የቆየ አመሉ ነው። አንድ የሚያሳፍር ነገር ልጨምር፦ ባለቤቴ በሩን በጉልበቷ ገፋ አድርጋ ኮዱን ስታስገባ ብዙ ጊዜ ይከፈትላታል። የሚኮራው እኔ ላይ ብቻ ነው። ሙሉውን ቁልፍ ከመቀየሬ በፊት ምን ልመልከት?

መልስ፣ ከአንድ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ

ወንድሜ፣ በመጀመሪያ እነዚያን ቻርጅ የሚደረጉ ድንጋዮች አውጣቸው። ተራው አልካላይን ድንጋይ አዲስ ሲሆን 1.5 ቮልት ነው፤ አራቱ ተደምረው 6 ይሆናሉ። ቻርጅ የሚደረገው የኒኬል ድንጋይ ግን 1.2 ቮልት ስለሆነ ከአራቱ የምታገኘው 4.8 ብቻ ነው። ለመብራቱና ለድምፁ ጥቂት ኃይል ይበቃቸዋል፤ ምላሱን የሚጎትተው ሞተር ግን ብዙ ይፈልጋል። ስለዚህ አረንጓዴ መብራት ማየትህ ድንጋዩ ደህና ነው ማለት አይደለም። ቴስተር (የቮልት መለኪያ) ካለህ ሞተሩ እያቃሰተ ሳለ ለካው፤ ሥራ ፈትቶ ሳለ የሚታየው ቁጥር ያታልላል።

የድንጋዮቹን መቀመጫም እይ። ነጭ ዱቄት ከያዘ፣ ከቀድሞዎቹ ድንጋዮች የፈሰሰ ነው፤ ኮምጣጤ በነካ ጥጥ ጠርገህ በደንብ አድርቀው። ቁልፉ ከመኪናው 12 ቮልት ባትሪ የሚሠራ ዓይነት ቢሆን ኖሮ ፊውዙንና በማጠፊያው በኩል የሚያልፈውን ገመድ ተመልከት እልህ ነበር። እዚያ ቦታ ሽቦው ከመታጠፍ ብዛት ከውስጥ ይበጠስና ላስቲኩ ደህና መስሎ ይታያል።

መልስ፣ ከሌላ

እኔ ብሆን ነቅዬ አዲስ እገጥማለሁ። በዝናብ የሚያስቆም ቁልፍ ምን ይሠራል?

መልስ፣ ከአሮጌ በር ጠጋኝ

አዲሱስ የሚገጠመው እዚያው በር ላይ አይደለም እንዴ? ከወር በኋላ እሱም ያቃስታል።

ልጄ፣ መልሱን ባለቤትህ ነግራሃለች፤ አንተ ግን አሳፋሪ ብለህ መጨረሻ ላይ አስቀመጥኸው። በጉልበት ሲገፉት የሚከፈት ከሆነ፣ ምላሱ ከበሩ ክፈፍ ብረት ጋር እየተፋተገ ነው። ድንጋዩ ቢደክምም ዋናው በሽታ እሱ አይደለም። አሁን በሩን ወለል አድርገህ ክፈተውና በአየር ላይ አሥር ጊዜ ቆልፈው፣ ክፈተው። አሥሩንም ጊዜ ምላሱ ያለ ማቃሰት ከገባና ከወጣ ቁልፍህ ጤነኛ ነው። ከዚያ የምላሱን ጫፍ ጠመኔ ቀባና በሩን ዘግተህ ከውስጥ በእጅህ ቆልፍ። ስትከፍተው ጠመኔው ክፈፉ ላይ ያረፈበትን ቦታ እይ።

መኪናው የት እንደቆመም አስብ። የቤት በር መሠረቱ አይንቀሳቀስም፤ የሞተርሆም ቤት ግን አንዱ ጎማ ጉድጓድ ውስጥ ከገባ ወይም አንዱን ጥግ በክሪክ ካነሣኸው ይጣመማል፣ የበሩም ክፈፍ አብሮት። ሜዳ ላይ የሚሠራ ቁልፍ ተዳፋት ላይ የሚያምፀው ለዚህ ነው።

ምላሱን በሞረድ እንዳትነካው። ዘይቱንም ተው፤ አቧራ ይሰበስብና ጭቃ ይሆናል። ማለስለስ ካስፈለገህ የመጻፊያ እርሳስ ዱቄት (ግራፋይት) ይበቃል።

ጠያቂው ተመልሶ

አባቴ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። በአየር ላይ አሥር ጊዜ ሞከርሁት፤ አሥሩንም እንደ አዲስ ሠራ። እንዲያውም በዚያ ጸጥታው ተናደድሁበት። ጠመኔው ያረፈው ከቀዳዳው በታች፣ በብረቱ የታች ከንፈር ላይ ነው፤ ወደ ሁለት ሚሊ ሜትር ያህል። ቦታው ከበፊትም ተፍቆ ያብረቀርቃል፤ ሦስት ዓመት በዚያ በር ስወጣ ስገባ አንድም ቀን አላየሁትም። በሩ ወርዷል ማለት ነው።

የላይኛውን ማጠፊያ ብሎኖች በካቻቪቴ ስሞክራቸው ከአራቱ ሁለቱ እየተሽከረከሩ አይጠብቁም። አንዱን በጣቴ መዘዝሁት፤ ጥርሱ መካከል የእንጨት ብናኝ ይዞ ወጣ። አሁን ረዥም ብሎን ልጠቀም?

መልስ፣ ከአሮጌ በር ጠጋኝ

ተጠንቀቅ፣ የእነዚህ መኪናዎች ግድግዳ ስስ ነው፤ ረዥም ብሎን ወደ ውጭ ብቅ ሊል ይችላል። የወጣው ብናኝ ደረቅ ከሆነ ቀላል ነው፦ ቀጭን የእንጨት ስንጥር በእንጨት ማጣበቂያ ነክረህ ቀዳዳውን ሙላው፣ ሌሊቱን ይድረቅ፣ በማግስቱ ያንኑ ብሎን መልሰህ እሰር። እርጥብና ጥቁር ከሆነ ግን ውኃ ከላይ እየገባ ነው፤ መጀመሪያ እሱን ፈልግ። በምታስርበት ጊዜ አንድ ሰው በሩን ከታች ወደ ላይ ደግፎ ይያዝልህ፤ ያለዚያ በወረደበት ታስረዋለህ።

ጠያቂው ተመልሶ

ደረቅ ነበር። ባለቤቴ በሩን ደግፋ ያዘች፤ ‹‹በጉልበቴም በእጄም አንድ ነው›› አለች። በማግስቱ ጠመኔውን ደግሜ ቀባሁ፤ ከንፈሩን ሳይነካ ገባ። አልካላይን ድንጋይም አስገባሁ፣ የመጀመሪያውን ወንድሜን ምክር አልናቅሁም። ድንጋዮቹን ከቀየሩ በኋላ ቁልፉ የምላሱን ርቀት እንደገና እንዲለካ በሩ ክፍት ሆኖ አንዴ መቆለፍና መከፈት አለበት ይላል መመሪያው፤ ያንንም አደረግሁ። ትናንት ማታ ሆን ብዬ ተዳፋት ላይ አቁሜ ሞከርሁት፤ ሦስት ጊዜ ከሦስት ጊዜ ተከፈተ። የብረት ቁልፉም አሁን የባለቤቴ ቦርሳ ውስጥ ነው።

የቀረችኝ ያቺ ሰባት ቁጥር ናት። ቀለሟም ከሌሎቹ ይልቅ ለቋል።

መልስ፣ ከአሮጌ በር ጠጋኝ

ሰባት የምትደክመው ስለምትጫናት ነው። ኮድህ ውስጥ ሁለት ጊዜ እንዳለች አሁን እኔም፣ ይህን የሚያነብ ሁሉም ገምቷል። ዛሬውኑ ቀይረው፤ አዲሱን ግን እዚህ አትጻፍልን።