«ፍቺ በጣሊያን ወግ»፦ ፊልሙ የወንድን ትምክህት ያጋልጣል ወይስ ገዳዩን ያስወድዳል?

አወያይ፦ ለክርክር የቀረበው ፒየትሮ ጄርሚ እ.ኤ.አ. በ1961 የሠራው ኮሜዲ ነው። ማርቼሎ ማስትሮያኒ የሚጫወተው የሲሲሊ ባሮን፣ ፌርዲናንዶ፣ ከሚስቱ ከሮዛሊያ ተላቆ ወጣት ዘመዱን አንጄላን ማግባት ይመኛል። በዘመኑ በጣሊያን ፍቺ ስላልተፈቀደ፣ ሚስቱን ከሌላ ወንድ ጋር የሚያገናኝ ወጥመድ ዘርግቶ፣ «ክብሬ ተነካ» በሚል ሰበብ ገድሏት በቀላል ቅጣት ለመውጣት ያሤራል።

አንደኛው ተሟጋች፦ እኔ ያስወድዳል ባይ ነኝ። ታሪኩን የምንሰማው ከራሱ ከገዳዩ አንደበት ነው፤ ተዋናዩም መልከ መልካም ነው። ሮዛሊያ ግን ከከንፈሯ በላይ ጢም ተደርጎላት፣ ባሏን «ትወደኛለህ ወይ?» እያለች ስታሰለች እንድትታይ ሆናለች። የምትሞተው ሴት መሳቂያ ከተደረገች ተመልካች በምን አንጀቱ ያዝንላታል?

ሁለተኛዋ ተሟጋች፦ ወንድሜ፣ ስለ ሮዛሊያ አሣሣል ያነሡት እውነት ነው፤ እኔንም ቅር ያሰኘኛል። ሆኖም ሴራው የቆመበትን ሕግ ልብ ይበሉ። እ.ኤ.አ. በ1930 የወጣው የጣሊያን የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 587፣ የትዳር ጓደኛውን፣ ሴት ልጁን ወይም እህቱን ከሌላ ሰው ጋር ድንገት አግኝቶ በንዴት የገደለን ሰው ከ3 እስከ 7 ዓመት ብቻ ይቀጣ ነበር፤ ተራ የሰው ግድያ ግን ከ21 ዓመት የማያንስ እስራት ያስከትላል። ባሮኑ ይህን አጥንቶ፣ ጠበቃው ወደፊት በችሎት የሚያሰማውን ልብ የሚነካ ንግግር ገና ሚስቱ በሕይወት ሳለች በሐሳቡ ያዳምጣል። ሕጉ ይቅር የሚለው የድንገት ንዴትን ሲሆን፣ እርሱ ግን ንዴቱን ራሱ በቀጠሮ ያዘጋጃል። ሚስቱ ከወዳጇ ጋር ስትኮበልል የከተማው ሰው በስድብ ደብዳቤ ያዋርደዋል፤ ከገደላት በኋላ ደግሞ መልሶ ያከብረዋል። ክብር የተባለው ነገር በሰውየው ልብ ውስጥ ሳይሆን በጎረቤት አፍ ላይ የሚኖር መሆኑን ከዚህ በላይ ያሳየኝ ፊልም የለም።

አንደኛው ተሟጋች፦ እህቴ፣ ስለ ሕጉ ያሉትን እቀበላለሁ። መጨረሻውን ግን ይመልከቱ፦ አንጄላ ከባሮኑ ጋር ተጋብታ በጀልባ ሲዝናኑ፣ እርሱ ሳያይ እግሯን ከወጣቱ ጀልባ ነጂ እግር ጋር ታነካካለች። ባሮኑ ቅጣቱን አገኘ ብለን እንስቃለን፤ ቅጣቱ ግን «ሴት አትታመንም» የሚለው የራሱ የባሮኑ እምነት ነው። ፊልሙ ወንዱን ለመቅጣት እንኳ ሴቲቱን ማማት አስፈልጎታል።

ሁለተኛዋ ተሟጋች፦ ይህ ከባድ ነጥብ ነው፤ ሙሉ መልስም የለኝም። ከመቀበሌ በፊት ግን አንድ ትዕይንት ላስታውስዎ። ባሮኑ ኮብላዮቹን ሊገድል ሲደርስ፣ የሮዛሊያን ወዳጅ የሰውየው ሚስት ቀድማ ተኩሳበት ያገኘዋል። እርሷም ክብሯን አስመለሰች ማለት ነው፤ ሆኖም የፊልሙ ካሜራ ተከትሎት የሚሄደው ባሮኑን ነው። የሕጉም ቃል እንደዚሁ ነበር፦ ሴት ልጅንና እህትን ጠቅሶ ወንድ ልጅንና ወንድምን አልጠቀሰም። ፍቺ እ.ኤ.አ. በ1970 ተፈቅዶ፣ በ1974ቱ ሕዝበ ውሳኔ ከመራጩ 59 በመቶ ያህሉ እንዲጸና ደግፎታል፤ አንቀጽ 587 ግን እስከ 1981 ድረስ በሥራ ላይ ቆይቷል።