ያለ ጠበቃ የሥራ ክርክር የያዘ ሰው ዳኛውን ምን መጠየቅ ይችላል?

ጥያቄ (ከሳቢያን፣ ድሬዳዋ)

ሰላም ለሁላችሁ። በአንድ የግል ድርጅት ውስጥ ስድስት ዓመት በመጋዘን ሠራተኛነት አገልግያለሁ። በመስከረም መጀመሪያ በተደረገ ቆጠራ ዕቃ ጎድሏል ተባለ፤ ኅዳር 25 ቀን ደግሞ የስንብት ደብዳቤ ተሰጠኝ። ለሥራ አስኪያጁ አቤቱታ አቅርቤ «እናየዋለን» እየተባልኩ ስመላለስ ቆየሁና መጋቢት 20 ቀን ክስ መሠረትኩ። ማመልከቻውን የጻፈልኝ ፍርድ ቤቱ በር ላይ የሚሠራ ጸሐፊ ሲሆን፣ የጠየቅሁትም ወደ ሥራዬ እንድመለስ ብቻ ነው። ጠበቃ ለማቆም አቅም የለኝም።

ባለፈው ቀጠሮ የድርጅቱ ጠበቃ «ክሱ በይርጋ ይታገዳል» የሚል መቃወሚያ አቀረቡ። ዳኛዋ በዚህ ላይ የምለው እንዳለ ሲጠይቁኝ ቃሉ ስላልገባኝ ዕቃ አለመውሰዴን ማስረዳት ጀመርኩ፤ «እሱን አይደለም የጠየቅንዎት» ስባል ዝም አልኩ። ቀጣዩ ቀጠሮ ግንቦት 8 ነው። ያልገባኝን እንዲያብራሩልኝ ብጠይቅ እንደ ድፍረት ይቆጠርብኛል? የመጋዘኑ ዕቃ ገቢና ወጪ የሚመዘገብባቸው ቢን ካርዶችም በሙሉ በድርጅቱ እጅ ናቸው።

መልስ 1 (በነፃ የሕግ ድጋፍ ያገለገልኩ፣ ድሬዳዋ)

ወንድሜ፣ ድፍረት አይደለም፤ መብትዎ ነው። የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ በቁጥር 241 ዳኛው ክሱ በሚሰማበት ቀን ተከራካሪዎችን እየጠየቀ የክርክሩን ፍሬ ነገር እንዲያጣራ ያዛል። «ክቡር ፍርድ ቤት፣ ይርጋ ማለት ምን እንደሆነ አልገባኝምና ይብራራልኝ» ማለት ይችላሉ፤ ያሉትም በመዝገቡ ላይ እንዲሰፍርልዎ ይጠይቁ።

ነገር ግን ከዚህ የበለጠ የሚያስቸኩል ጉዳይ አለ። ይርጋ ማለት መብትን በክስ ለመጠየቅ ሕግ የወሰነው ጊዜ ማለፉ ነው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ወደ ሥራ የመመለስ ጥያቄ በሦስት ወር ውስጥ መቅረብ ያለበት በመሆኑ የእርስዎ ክስ ዘግይቷል። ለሥራ አስኪያጁ ማመልከትዎ ብቻውን ጊዜውን አያቋርጠውም፤ ድርጅቱ መብትዎን በጽሑፍ ያመነበት ደብዳቤ ካለ ግን ይዘው ይቅረቡ። ከሥራ መሰናበት ጋር የተያያዙ የክፍያ ጥያቄዎች የሚታገዱት በስድስት ወር ስለሆነ እስከ ግንቦት 25 ጊዜ አለዎት። ስለዚህ ክስዎን ለማሻሻል እንዲፈቀድልዎ አሁኑኑ በጽሑፍ ያመልክቱ፤ ስንብቱ ሕገ ወጥ ነው ከተባለ የአማካይ ቀን ደመወዝዎ 180 እጥፍ ካሳ፣ የማስጠንቀቂያ ጊዜ ደመወዝና የስንብት ክፍያ እንዲወሰንልዎ ይጠይቁ።

እርስዎ እንደ ዋዛ ያነሱት ሌላ ነገር ደግሞ ምናልባት የጉዳዩ አከርካሪ ነው። አሠሪ ያለ ማስጠንቀቂያ ለማሰናበት ያለው መብት ምክንያቱን ካወቀ ከ30 የሥራ ቀናት በኋላ ቀሪ እንደሚሆን የዚሁ አዋጅ አንቀጽ 27(3) ይደነግጋል። ከመስከረም መጀመሪያ እስከ ኅዳር 25 ያለውን ቁጠሩት! ድርጅቱ «ማጣራቱ ያለቀው ዘግይቶ ነው» ሊል ቢችልም ነጥቡን ማንሳት ያለብዎት እርስዎ ነዎት፤ ይርጋን ፍርድ ቤት በራሱ አያነሳምና።

መልስ 2 (የአሠሪዎች ጠበቃ)

በቀነ ገደቦቹ እስማማለሁ። ሆኖም ዳኛ ለአንዱ ወገን ክርክር መምረጥ ከጀመረ ሌላኛው ወገን በምን ይተማመናል? ቃል ማብራራትና መከራከሪያ ማቀበል መለየት አለባቸው።

መልስ 3 (ከሐረር)

ጠበቃው የሚሉትን መስመር አከብራለሁ፤ ነገር ግን ያልተረዳውን ጥያቄ እንዲመልስ የተገደደ ሰው ተሰማ ሊባል አይችልም። እኔ ራሴ ያለ ጠበቃ ስከራከር ምስክሬ አብራኝ ትሠራ የነበረች የሶማሊኛ ተናጋሪ ነበረች። በአማርኛ ትመልስ ጀመር፤ «ትናንት» ለማለት «ነገ» ስትል የተከሳሽ ጠበቃ ብዕሩን አንስቶ ጻፈ። እጄን አውጥቼ አስተርጓሚ ጠየቅሁ፤ ዳኛው ምስክርነቱን አቁመው አስተርጓሚ አስመጡ፤ እሷም ቃሏን እንደገና ከመጀመሪያው ሰጠች። ያን ቀን ዳኛው ያደሉልኝ አልመሰለኝም፤ ለድርጅቱም ቢሆን የምስክሯን እውነተኛ ቃል መስማት ይጠቅመው ነበር።

ስለ ቢን ካርዶቹ፦ በማስረጃ ዝርዝርዎ ላይ «በተከሳሽ እጅ የሚገኝ» ብለው ከነወሩ ይጥቀሷቸው፤ ተከሳሽ እንዲያቀርብ ይታዘዝልኝ ብለውም ያመልክቱ። «ካርዶቹ ይምጡልኝ» ብቻ ማለት አይበቃም፤ እኔ የደመወዝ መክፈያ ዝርዝሩን (ፔሮሉን) ወር ባለመጻፌ አንድ ቀጠሮ ባክኖብኛል። እዚህ ሐረር እኔን የረዳኝ የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ሕግ ኮሌጅ ነፃ የሕግ ድጋፍ ነበር።

ጠያቂው

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የስንብት ደብዳቤውን አሁን ገልጬ አየሁት፤ «በመስከረም 4 ቀን በተረጋገጠው ጉድለት» ይላል። «በተረጋገጠው» የሚለው የራሳቸው ቃል ነው።

መልስ 1

ያንን ደብዳቤ ኮፒ አድርገው ከማሻሻያ ማመልከቻዎ ጋር ያያይዙት፤ ያችን መስመር ያስምሩባት። በሥራ ክርክር የዳኝነት ክፍያ ስለማይጠየቅ ገንዘብ ክፈል ቢባሉ ምክንያቱን ይጠይቁ። ግንቦት 8ን አይጠብቁ፤ ነገ ጠዋት ሬጅስትራር ዘንድ ይሂዱ።